ተለይቶ ያልተጠቀሰ

ባሕርን አላየሁም፤ ባሕርን እጽፋለሁ፤
ዓምድ እየሞላሁ በላብ እለፋለሁ።
ከከዚራ ጥላ ማዶ፣ ቆርቆሮ ነው መጋዘኑ፤
ማራገቢያው ያቃስታል፣ የማን እንደሆን እንጃ ሐዘኑ።

ድሮ ቀላል ነበር።
ከጅቡቲ ሲመጣ ካርቶኑ ተደርድሮ፣
"ቱና" ነበር የምጽፈው፤ አንድ ስም ለሁሉ ቆርቆሮ።
ወይ "ዓሣ፣ ልዩ ልዩ"። ማን ይጠይቃል ዘሩን?
የሣጥኑን ብዛት እንጂ ማን ያየዋል ባሕሩን?

ዘንድሮ ሰንጠረዥ መጣ፤ ዘጠኝ ገጽ፣ በሁለት ማኅተም፤
ከእንግዲህ እንደልብ፣ እንደመጣ መጻፍ የለም።
ለባለ ቢጫ ክንፉ ሦስት ፊደል፣ ለትልቅ ዐይኑ ሦስት፣
ሆዱ ላይ ጭረት ላለው የራሱ ሌላ ሦስት።
በመንጠቆ ተይዞ ነው? ወይስ በመረብ ተከብቦ?
ክብደቱ ከነሆድ ዕቃው ነው፣ ወይስ ተጠርጎ፣ ታጥቦ?
"ኮድ የጋራ አፍ ነው" አለችን ወይዘሪት ትርሲት በሥልጠናው፤
"ስም ያልወጣለት አይቆጠርም፤ ካልተቆጠረ፣ ማነው
ያለቀ ዕለት የሚያውቀው?"
ይህን ጻፍሁት። አመንኋት።
አሁንም አምናታለሁ።

ዋይስ ሮብሌ ግን ሣቀ።
ጫኝ ነው፤ አራት ካርቶን በትከሻው እንዳዘለ
ጎንበስ ብሎ ሰንጠረዤን አየና፣ "ወሪያ" አለ፣
"ዘይላ ሳለሁ፣ ጀልባ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት መረብ ጎትቻለሁ፤
ግልገሉ ቢጫ ክንፍና ግልገሉ ትልቅ ዐይን መንታ ናቸው፤ ምያለሁ።
የአንዱ ቢጫ ገና አልበሰለ፣ የአንዱ ዐይን ገና አላደገ፤
እናት ብትኖራቸው እሷም ግራ ይገባታል።
ሆዱን ከፍተህ ነው የምትለየው" — በአውራ ጣቱ ጥፍር አየሩን ሰነጠቀ —
"ልሙጥ ነው የአንዱ ጉበት፤
የሌላው መስመር መስመር አለበት።
ታዲያ ሌሊት፣ ጀልባዋ ስትዋልል፣ መዳፍህ በጨው ተልጦ፣
ማን ሆድ ይከፍታል ለመዝገብ? 'ቢጫ በል' ይላል አለቃው፣ ከእንቅልፉ ባንድ ዐይን አፍጦ።
ቢጫ ይባላል።
አንተ ደሞ ቆርቆሮ ነው ያለህ። የታለ ጉበቱ?"

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል።
እኔ ያወጣሁት ዘንዶ አይደለም። ትንሽ ነው፤
በየዓምዱ ሥር ይተኛል፤
ስደምር ይነቃል።

ያኑ ዕለት ከሰዓት የቀን ሠራተኞች ቅጽ ደረሰኝ፤
ስም፣ ዕድሜ፣ ሙያ በኮድ። ዋይስን ጠርቼ ጠየቅሁት።
"ዓሣ አጥማጅ" አለኝ።
ዝርዝሩን ወረድሁት፣ ወጣሁት፦
ጫኝ ሦስት፣ ጥበቃ አምስት፣ ጽዳት ሰባት፣
ሾፌር፣ የሾፌር ረዳት።
ዓሣ አጥማጅ ከየት ይምጣ? ደረቅ ወደብ ነው ይሄ፤
ማዕበል የምናውቀው ክረምት ላይ፣ ደቻቱ ሲቆጣ ነው።
ከግርጌ፣ ከመጨረሻው መስመር፣ አንድ ባዶ ሣጥን ነበረች፦
"ሌላ፣ ተለይቶ ያልተጠቀሰ"።
እዚያ ላሰፍረው ብዕሬን ሳነሣ
ውጭ የጭነት መኪና ጥሩንባ ነፋ።
"ጫኝ በል" አለኝ ዋይስ፣
ባንድ ዐይኑ መኪናውን፣ ባንድ ዐይኑ እኔን እያየ።

ሦስት ብዬ ጻፍሁ።

ማታ ደቻቱን በእግሬ ተሻገርሁ፤ ጫማዬ ሳይርስ።
በካርታው ላይ ወንዝ ነው። ልጆች ኳስ ያንከባልሉበታል፤
የግቡ ምሰሶ ሁለት የተጨማደዱ ጀሪካኖች ናቸው።
ከታይዋን ገበያ አንድ ቆርቆሮ ገዛሁ፤
ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ዓሣ ይዘላል፤
ክንፉን አቅርቤ አየሁት፤ ቀለሙ ለቋል።

እቤት ገብቼ ከፈትሁት።
ልጄ ዳቦዋን ይዛ ትጠብቃለች፣ "አባዬ፣ ምን ጠፋህ?" ትላለች፤
እኔ መብራቱን አስጠግቼ
በዘይቱ ውስጥ፣ በሹካ ጫፍ፣
ቀስ እያልሁ
ጉበት እፈልጋለሁ።